የድሮ የዴንማርክ ፖርሴሊን፦ ከገላው እስከ ማኅተሙ አገላብጦ መለየት

ከሳህኑ ሥር የሮያል ኮፐንሃገን ፋብሪካ ማኅተም የሆኑት ሦስት ሰማያዊ የማዕበል መስመሮች ስላሉ ብቻ ሳህኑ የኮፐንሃገን ሥራ ነው ማለት አይቻልም። የኮፐንሃገን ሥራ ቢሆንም እንኳ አሮጌ ወይም ብርቅ ነው ማለት አይደለም። ጀማሪ ሰብሳቢ ገንዘቡን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን አንስቶ በቀጥታ ወደ ማኅተሙ ስለሚሄድ ነው። ማኅተም በቀላሉ ይቀዳል። በ1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የተተኮሰ ገላ፣ ከልባሱ ሥር የገባ ሰማያዊ ቀለምና የሠለጠነ ሠዓሊ እጅ ግን በርካሽ አይቀዱም። ስለዚህ ምርመራው ከገላው ይጀምር፤ ከዚያ ወደ ቀለሙ፣ ቀጥሎ ወደ ማኅተሙ፣ በመጨረሻም ወደ ጉዳቱ ይሂድ። ገላ የምንለው ዕቃው የተሠራበትን የተተኮሰ አፈር፣ ልባስ የምንለው ደግሞ ላዩ ላይ ያለውን መስታወት መሰል ሽፋን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመውጣትዎ በፊት የሚይዙት

10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ ሚሊሜትር ያለው ማስመሪያ፣ ጥቂት የእንጨት ስቴኪኒ፣ ወፍራም ፎጣና ማስታወሻ ደብተር በቂ ናቸው። በዚህ ላይ ገንዘብ መፈተሻ ዓይነት የአልትራቫዮሌት መብራት ይጨምሩ። ሲገዙ 365 ናኖሜትር የሚለውን ይምረጡ። 395 የሚለው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ራሱ ብዙ ሐምራዊ ብርሃን ስለሚረጭ የጥገናን ደብዛዛ ልዩነት ይሸፍነዋል።

ፎጣው ቀላል ነገር አይምሰልዎ። ዕቃ የሚሰበረው ሻጩ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሲገለብጠው ነው። ፎጣዎን አንጥፈው፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቀው፣ በሁለት እጅ ይያዙ። ማሰሮን በጆሮው፣ የሰው ምስልን (ትንሽ የፖርሴሊን ሐውልት) በክንዱ አያንሡ፤ የቆየ ማጣበቂያ ካለበት በእጅዎ ላይ ይለቃል።

ቤቶቹን ማወቅ

ዋናው ቤት በ1775 ኮፐንሃገን ውስጥ የተቋቋመው ሮያል ኮፐንሃገን ነው። መሥራቹ ኬሚስቱ ፍራንትስ ሃይንሪክ ሙለር ሲሆን ደጋፊው ንግሥት ዩሊያነ ማሪ ነበረች። ሦስቱ ማዕበሎች የዴንማርክን የባሕር መተላለፊያዎች ማለትም ኦረሱንድን፣ ታላቁን ቤልትና ትንሹን ቤልት ይወክላሉ። በ1779 ፋብሪካው በንጉሡ እጅ ገባ፤ በ1868 ለግለሰብ ተሸጠ፤ በ1882 አሉሚኒያ የተባለው የሸክላ ፋብሪካ ገዛው። ብዙም ሳይቆይ አርክቴክቱ አርኖልድ ክሮግ የሥነ ጥበብ ኃላፊ ሆነና የፋብሪካውን መልክ ቀየረው። በ1889 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይም ታላቁ ሽልማት ተገኘ። ለሰብሳቢ ከክሮግ በፊት ያለውና ከክሮግ በኋላ ያለው ሁለት የተለያዩ ዓለሞች ናቸው።

ሁለተኛው ቤት ቢንግ ኤንድ ግሮንዳል ነው። በ1853 ከሮያል ኮፐንሃገን በወጣው ቀራጭ ፍሬድሪክ ቪልሄልም ግሮንዳልና በሁለቱ የቢንግ ወንድማማቾች ተመሠረተ። በ1987 ሁለቱ ተፎካካሪዎች ተዋሃዱ። ከነዚህ ሌላ፣ ቀድሞ በቢንግ ኤንድ ግሮንዳል የሠራው የንስ ፔተር ዳል የንሰን በ1925 በስሙ የከፈተው ፋብሪካ አለ። የእንስሳት ምስሎቹ በጥራታቸው ከትልልቆቹ አያንሱም።

ደረጃ 1፦ ገላውን ይመርምሩ

ባትሪውን ከሳህኑ ጀርባ ያብሩ፤ ጣትዎንም በመካከል ያድርጉ። ፖርሴሊን ብርሃን ያሳልፋል፣ የጣትዎ ጥላም ከፊት ይታያል። ብርሃኑ ፈጽሞ ካላለፈ ምናልባት የአሉሚኒያ ሸክላ ነው፤ እሱም የራሱ ሰብሳቢዎች አሉት፣ ግን ፖርሴሊን አይደለም። የተሸረፈ ቦታ ካለ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የፖርሴሊን ስባሪ ነጭና መስታወት መሰል ነው፣ የውኃ ጠብታ ላዩ ላይ ይቆማል። የሸክላው ግን ወደ ቢጫ የሚያደላና ቀዳዳማ ስለሆነ ጠብታውን ይመጥጠዋል።

ከዚያ ድምፁን ያዳምጡ። ሳህኑን በተዘረጋ መዳፍ ወይም በሦስት ጣቶች ጫፍ ላይ አስቀምጠው ጠርዙን በጥፍርዎ ቀስ ብለው ይምቱት። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኽና ቀስ ብሎ ይጠፋል፤ የተሰነጠቀው «ጣ» ብሎ ይቆማል። ሲኒ እያጠበ ያደገ ሰው ይህን ድምፅ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። «ሲኒ» የሚለው ስማችን ራሱ «የቻይና» ከሚለው የዓረብኛ ቃል የመጣ በመሆኑ ፖርሴሊንን በስሙ ስንጠራው ኖረናል። ፈተናው ለሳህንና ለጎድጓዳ ሳህን እንጂ ለምስል አይሠራም፤ የምስል ቅርጽ ድምፁን ያፍነዋል።

ቀጥሎ ከታች ያለውን የመቀመጫ ክብ በጣትዎ ይዳስሱ። እቶን ውስጥ ከመደርደሪያው ጋር እንዳይጣበቅ ልባሱ ከዚህ ቦታ ስለሚጠረግ ነጭ ገላው ራቁቱን ይታያል። ለብዙ ዓመታት ያገለገለ ሳህን መቀመጫው በአጠቃቀም የለሰለሰ ነው፤ በማጉያው ሲታይ ጭረቶቹ በየአቅጣጫው የተበታተኑና ጥልቀታቸውም የተለያየ ነው። ጭረቶቹ ሁሉ ትይዩና እኩል ከሆኑ አንድ ሰው በብርጭቆ ወረቀት «አስረጅቶታል»።

የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ በመልኩ ንጹሕ እንዲሆን አይጠብቁ። የመጀመሪያው ዘመን ፋብሪካ ከቦርንሆልም ደሴት የመጣ ነጭ አፈር ይጠቀም ስለነበር ገላው ወደ ግራጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ልባሱ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎችና ጥቋቁር ነጠብጣቦች ይገኛሉ፤ ሳህኑም ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ሊወዛወዝ ይችላል። «የ1780ዎቹ ነው» ተብሎ የቀረበ፣ ግን እንደ በረዶ የነጣና ፍጹም ክብ የሆነ ሳህን ሲያዩ ይጠንቀቁ።

ደረጃ 2፦ ብሩሹን ያንብቡ

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥምዎ ጎድጎድ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ባሉበት ሳህን ላይ በሰማያዊ የተሣለው «ሰማያዊ ፍሉትድ» የሚባለው ጌጥ ነው፤ ዴንማርኮች ሙሰልማለት ይሉታል። የፋብሪካው ቁጥር አንድ ጌጥ ነው። ሠዓሊው ኮባልት የተባለውን ሰማያዊ ቀለም የሚቀባው ልባስ ባልነካው ገላ ላይ ስለሆነ ቀለሙ ወዲያው ይመጠጣል፣ ስሕተቱም አይታጠብም። ፋብሪካው እንደሚለው አንድ ሳህን 1,197 የብሩሽ ምት ይፈልጋል።

በማጉያው አንዱን ቅጠል ይያዙ። የእጅ ምት ሲጀምር ወፈር ብሎ ሲጨርስ እንደ ጅራት ይቀጥናል፤ ብሩሹ የቆመበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተጠራቅሞ ይጠቁራል። ከዚያ ሳህኑን እያዞሩ ተመሳሳዩን አበባ ሦስት ቦታ ያወዳድሩ። እውነተኛ የእጅ ሥራ ከሆነ ሦስቱ ወንድማማች ናቸው እንጂ መንታ አይደሉም። በነጠብጣብ የተሠራ ጥላ፣ እኩል የተዘረጋ ቀለም ወይም ጌጡ የተጋጠመበት ስፌት መሰል መስመር ካዩ የታተመ ነው።

አሁን ባትሪውን ከጎን ዝቅ አድርገው ያብሩ። ቀለሙ ከልባሱ ሥር ከሆነ የብርሃኑ ነጸብራቅ በሰማያዊውና በነጩ ላይ ሳይቆረጥ ያልፋል። ከልባሱ በላይ የተቀባ ከሆነ ግን ቀለሙ ከፍ ብሎ ይታያል፣ አንጸባራቂነቱም ይለያል።

የሰማያዊው ጥልቀት ከሳህን ሳህን ቢለያይ አይደንግጡ። እቶን ውስጥ የነበረበት ቦታ ቀለሙን ያጠቁረዋል ወይም ያፈዝዘዋል፤ በአንድ ዘመን በተሠሩ ሳህኖች መካከልም ያጋጥማል። ጌጡ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ተመሳሳዩን አበባ በርካታ የጀርመን ፋብሪካዎች ሠርተውታል፣ ቢንግ ኤንድ ግሮንዳልም የራሱ ነበረው።

ምስሎችንና የአበባ ማስቀመጫዎችን በተመለከተ አንድ የኬሚስትሪ እውነት ብዙ ይረዳል። የልባስ ማቅለጫውን ሙቀት የሚቋቋሙ ቀለሞች ጥቂት ናቸው፦ ከኮባልት የሚገኘው ሰማያዊ፣ ከክሮም የሚገኘው አረንጓዴ፣ ጥቂት ቡናማና ሮዝ። ጭጋግ የመሰለው የክሮግ ዘመን ግራጫ ሰማያዊ የመጣው ከዚሁ ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለ ምስል ላይ ደማቅ ቀይ ወይም ቢጫ ካዩ ከልባሱ በላይ የተቀባ መሆን አለበት። በፋብሪካው ነው ወይስ በጠጋኝ? ጥያቄው ይህ ነው። ፋብሪካው ራሱ ከልባስ በላይ የቀባቸው ድንቅ ሥራዎች አሉት፤ የገርሃርድ ሄኒንግ ምስሎች ከሁሉ በላይ ይፈለጋሉ።

ደረጃ 3፦ አሁን ይገልብጡት

ሦስቱ ማዕበሎች ከልባሱ ሥር በእጅ የተሣሉ መሆን አለባቸው። በጥንታዊዎቹ ዕቃዎች ላይ ነጻና ያልተስተካከሉ ናቸው፣ አብሮ ምንም ጽሑፍ የለም። አጠገባቸው የሚገኘው ትንሽ ፊደል ወይም ቁጥር የሠዓሊው መለያ ነው። ዘውድና የፋብሪካ ስም ያለበት ክብ ማኅተም የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ስለዚህ ዘውድ፣ የእንግሊዝኛ ስምና «ዴንማርክ» የሚል ቃል የተጻፈበት ሳህን «የ1790 ነው» ከተባሉ ክርክሩ አልቋል።

ከ1935 ጀምሮ ዓመቱን በትክክል ማወቅ ይቻላል። በማኅተሙ ውስጥ «ሮያል ኮፐንሃገን» የሚለው ስም በላቲን ፊደል 15 ፊደላት አሉት፤ በአንዱ ፊደል ላይ ወይም ሥር አንዲት አጭር ሰረዝ ትገኛለች። ሰረዟ ከፊደሉ በላይ ከሆነች የፊደሉን ተራ ቁጥር በ1934 ላይ ይደምሩ፤ ከታች ከሆነች በ1949 ላይ። ስምንተኛው ፊደል ሥር ያለች ሰረዝ 1957 ትላለች። በዚህ ዘዴ ከላይ ያለችው 1935–1949ን፣ ከታች ያለችው 1950–1964ን ትሸፍናለች። ከዚያ በኋላ አቀማመጡ ስለተለወጠ ይህን ስሌት ወደ ፊት አይጎትቱት። ሰረዟ በጣም ትንሽ ናት፤ ያለ ማጉያ አይሞክሩ።

ቀጥሎ ማዕበሎቹን የሚያቋርጥ ጭረት ይፈልጉ። ፋብሪካው ጉድለት ያገኘበትን ዕቃ በመሞረጃ ማዕበሎቹ ላይ በመቁረጥ ሁለተኛ ደረጃ መሆኑን ያመለክታል። ጭረቱ በጥፍር ይዳሰሳል። ለዘወትር ማዕድ ችግር የለውም፣ ለስብስብ ግን ዋጋውን በግልጽ ይቀንሳል፤ ሻጮችም ፎቶውን ጭረቱ በማይታይበት ማዕዘን ያነሡታል። ከታች የተፋቀ ወይም የደበዘዘ ቦታ ካለም ይመርምሩ፤ የሌላ ፋብሪካ ማኅተም የጠፋበት ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ቁጥሩን ያንብቡ። ከእዝባሩ (/) በፊት ያለው የጌጡ፣ ከኋላው ያለው የቅርጹ ቁጥር ነው። 1/175 ዳንቴል መሰል የጠርዝ ጌጥ የሌለው ሰማያዊ ፍሉትድ የእራት ሳህን ነው። 1/571 ግማሽ ዳንቴል፣ 1/1084 ደግሞ ሙሉ ዳንቴል ነው። 20/3549 ከታች የምናየው፣ ዕፅዋት የተሣሉበት የፍሎራ ዳኒካ ማዕድ ዕቃ የእራት ሳህን ነው። ሁሉም 25 ሴንቲሜትር አካባቢ ናቸው። ቁጥሩና ዕቃው ካልተስማሙ ከዚያ አይለፉ። ምስል ላይ ሰባት አኃዝ ያለው ቁጥር ካለ የቅርብ ጊዜ ምርት ነው፤ ቅርጹ ግን የመቶ ዓመት ሊሆን ስለሚችል ሻጩ የቅርጹን ዕድሜ ለዕቃው ሰጥቶ እንዳይነግርዎ።

የቢንግ ኤንድ ግሮንዳል መለያ ከኮፐንሃገን ከተማ አርማ የተወሰዱት ሦስት ግንቦች ናቸው፣ ብዙውን ጊዜ በአረንጓዴ። ፋኒ ጋርደ የነደፈችው የሲጋል (የባሕር ወፍ) ጌጥ በብዛት የተመረተ ስለሆነ ቆንጆ ነው እንጂ ብርቅ አይደለም። በ1880ዎቹ ፒየትሮ ክሮን የነደፈው የሳቢሳ ወፍ ማዕድ ዕቃ ግን በእርግጥ ብርቅ ነው።

ፍሎራ ዳኒካ

በ1790 የተጀመረው ይህ ማዕድ ዕቃ ለሩሲያዋ ንግሥት ዳግማዊት ካትሪን ታስቦ እንደነበር ይነገራል። እሷ በ1796 አረፈች፤ ሥራው ግን እስከ 1802 ቀጠለ። የዴንማርክን ዕፅዋት ከሚዘግበው መጽሐፍ እየቀዳ አብዛኛውን የሣለው ዮሃን ክሪስቶፍ ባየር ነው። የቀሩት ዕቃዎች በዋናነት በዴንማርክ ንጉሣዊ ስብስቦች ውስጥ ሲሆኑ፣ ኮፐንሃገን ውስጥ በሮዘንቦርግ ግንብ በቅርብ ማየት ይቻላል። ከመግዛትዎ በፊት እዚያ አንድ ሰዓት ማሳለፍ ከብዙ ንባብ ይበልጣል።

በገበያ የሚያገኙት ግን ከ1860ዎቹ ወዲህ በድጋሚ የተሠራውን ነው፤ ምርቱ የተቀሰቀሰው ልዕልት አሌክሳንድራ የብሪታንያን አልጋ ወራሽ ስታገባ ነው። እውነተኛው ከሥሩ የተክሉ የላቲን ስም በእጅ ተጽፎበታል፤ ማዕበሎቹ፣ በ20 የሚጀምረው ቁጥርና የሠዓሊው ፊርማ አብረው ይገኛሉ። ወጥመዱ ባዶ ነጭ ሳህን ነው። ነጭ ሆነው የወጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጭረት ያለባቸው የፋብሪካው ሳህኖች ላይ ከፋብሪካው ውጭ ያሉ ሠዓሊዎች አበባ ሥለውባቸዋል። ማዕበሉ እውነተኛ፣ ሥዕሉ ግን የፋብሪካው አይደለም። የላቲን ስሙ ከሌለ፣ ቁጥሩ በ20 ካልጀመረ ወይም ማዕበሉ ተጭሮ ሳለ ወርቁ አዲስ ከሆነ ይተዉት።

የገና ሳህኖች

እነዚህ ለገና በየዓመቱ የሚወጡ፣ ዓመቱ የተጻፈባቸው ሳህኖች ናቸው። በአነስተኛ ገንዘብ ለመጀመር የተሻለ በር የለም፤ በአሜሪካ የቤት ዕቃ ሽያጮችም ሆነ በስካንዲኔቪያ የአሮጌ ዕቃ ሱቆች በየጊዜው ይገኛሉ። ቢንግ ኤንድ ግሮንዳል በ1895 «ከበረዷማው መስኮት ጀርባ» የሚለውን የፍራንስ ኦገስት ሃሊን ሥራ በማውጣት ጀመረ። ሮያል ኮፐንሃገን በ1908 በክሪስቲያን ቶምሰን «ማርያምና ሕፃኑ» ተከተለ።

ማስመሪያዎ እዚህ ይፈርዳል። የ1895ቱ ሳህን 18 ሴንቲሜትር ነው። ፋብሪካው በ1915 ይኸው ሥዕል ያለበትን ትልቅ የኢዮቤልዩ ሳህን አውጥቷል፣ በ1995ም ለመቶኛ ዓመቱ ሥዕሉን ደግሞታል። ሥዕሉን አይቶ ዋጋ የሚሰጥ ይሸወዳል፤ ዓመቱን አንብቦ የሚለካ አይሸወድም። የሮያል ኮፐንሃገን የመጀመሪያ ሦስት ዓመታት ሳህኖች 15 ሴንቲሜትር አካባቢ ናቸው። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ሳህኖች በገፍ ስለተሠሩ ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው። የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ዓመታት ምርት ግን አነስተኛ ስለነበር ተፈላጊ ነው። ጽሑፉ ከዴንማርክኛ ሌላ በሆነ ቋንቋ የወጣባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ሳህኖችም እንዲሁ።

ደረጃ 4፦ የተደበቀ ጥገና

ክፍሉን አጨልመው የአልትራቫዮሌቱን መብራት ያብሩ። ልባሱ ወጥ በሆነ መልክ ሲታይ ማጣበቂያና የጠጋኝ ቀለም እንደ ወተት ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጸብራቅ ይሰጣሉ። አንዳንድ አዳዲስ ማጣበቂያዎች ስለማያበሩ በዚህ ብቻ አይርኩ። ስቴኪኒውን በተጠረጠረው ቦታ ላይ ቀስ ብለው ይጎትቱ፦ በልባስ ላይ ይንሸራተታል፣ በቀለም ላይ ግን ያዝ ያደርጋል። ቦታውን በከንፈርዎ ይንኩት፤ ልባስ ይቀዘቅዛል፣ የጠጋኝ ሬዚን ለብ ይላል። ምስል ሲሆን የሚሰበሩትን ጫፎች ይቁጠሩ፦ ጆሮ፣ ጣት፣ ምንቃር፣ ጅራት፣ የዱላ ጫፍ። የዳክዬ ምንቃር ከፎቶው አጠር ካለ ተሸርፎ ተሞርዷል። አሴቶን የጠጋኝን ቀለም ይገልጣል፤ የሚሞከረው ግን በራስዎ ዕቃ ላይ ብቻ ነው፣ ወርቅ ባለበት ቦታም አይነካ።

ሁሉም መስመር ስንጥቅ አይደለም። ከእቶን የወጣ ስንጥቅ ውስጡ ልባስ የገባበትና ጠርዙ የለሰለሰ ነው። በኋላ የመጣው ቀጭን እንደ ፀጉር ነው፣ ሻይና ቆሻሻ ገብቶበት ይጠቁራል፣ ድምፁንም ያበላሻል።

ሲገዙ

በበይነ መረብ ከሆነ አራት ፎቶ ይጠይቁ፦ ፊቱን በቀጥታ፣ ሥሩን በሙሉ፣ ማኅተሙን በቅርብ፣ ጠርዙን ከጎን ብርሃን ጋር። ሻጩ የማኅተሙን ፎቶ አደብዝዞ ከላከ እንደገና ይጠይቁ፤ ሁለተኛው ደግሞ ከደበዘዘ ይተዉት። በጨረታ ሲገዙ የገዢ ኮሚሽኑንና ማጓጓዣውን ደምረው ጣሪያዎን አስቀድመው ይጻፉ። ከዴንማርክ ሲወጣ ደግሞ ከ100 ዓመት በላይ የሆነውና 100,000 ክሮነርና ከዚያ በላይ የሚገመት ዕቃ የውጭ መላኪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ይህን ከመክፈልዎ በፊት ከሻጩ ጋር ይጨርሱ።

ማሸጊያው ሁለት ካርቶን ይሁን፣ በመካከላቸውም ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር መሙያ። ሳህኖች ተነባብረው ሳይሆን እንደ መጽሐፍ በጠርዛቸው ቆመው ይታሸጉ፤ ሲጣሉ ክብደቱ በታችኛው ላይ አይጫንም።

ሲያጥቡና ሲያስቀምጡ

የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ፎጣ አንጥፈው፣ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አንድ በአንድ ይጠቡ። ወርቅ ያለበት ዕቃ የሳህን ማጠቢያ ማሽን አይገባም፣ ተዘፍዝፎም አያድርም። ምስሎች ውስጣቸው ባዶ ነው፤ ከታች ባለው ቀዳዳ የገባው ውኃ በቀላሉ ስለማይወጣ በእርጥብ ጨርቅና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዱ። በረኪና አይንኩ። ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ጨው ይተዋል፣ ወርቁንና ከልባስ በላይ ያለውን ቀለምም ያበላሻል። የጠቆረ ስንጥቅ ወርቅም ሆነ ከላይ የተቀባ ቀለም በሌለበት ቦታ ከሆነ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የነካ ጥጥ ለጥቂት ሰዓታት አስቀምጠው፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ደጋግመው ያለቅልቁ።

ሲደራርቡ በየመካከሉ ወፍራም ጨርቅ ያስገቡ፤ ራቁቱን ያለው የላይኛው ሳህን መቀመጫ የታችኛውን ልባስ ይጭራል። የገና ሳህን ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉ ስፕሪንግ ያለውን መያዣ ትተው በመቀመጫው ላይ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በጠንካራ ክር ይስቀሉት፤ ስፕሪንጉ ዓመቱን ሙሉ ጠርዙን ይስባል። ክሩን በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ይቀይሩ። ለእያንዳንዱ ዕቃ በደብተርዎ ቁጥሩን፣ የሰረዟን ቦታ፣ የሠዓሊውን ፊደል፣ ልኩን፣ ጉዳቱን፣ የገዙበትን ቀንና ዋጋ ይጻፉ፤ የሥሩንም ፎቶ ከጎኑ ይለጥፉ።